በኬሞቴራፒ የታወከ አንጀትና አሰር ያላቸው ምግቦች፦ ከይፋት ቆላ ገበታ አንጻር

መግቢያ

ኬሞቴራፒ የካንሰር ሴሎችን የሚገድል ወይም መራባታቸውን የሚገታ የመድኃኒት ሕክምና ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚያጠቁት በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ሲሆን፣ በዚህ ጠባያቸው ምክንያት ከካንሰሩ ጋር ጤነኛ የሆኑ ነገር ግን በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችንም ይጎዳሉ። የፀጉር ሥር፣ የአጥንት መቅኔ፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። የትንሹ አንጀት ሽፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን የሚያድስ በመሆኑ መድኃኒቱ በደም ሥር በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ እድሳቱ ይስተጓጎላል፤ ሽፋኑም ይሳሳል።

በአንጀት ላይ የሚደርሰው ችግር በሁለት ተቃራኒ መልኮች ይገለጣል። አንዱ ተቅማጥ ሲሆን ፍሎሮዩራሲል፣ ካፔሲታቢንና አይሪኖቴካን የተባሉት መድኃኒቶች በዚህ ይታወቃሉ። ሌላው የሆድ ድርቀት ነው። ቪንክሪስቲን የአንጀትን ነርቮች በማዳከም፣ ማስመለስን ለመከላከል የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን የአንጀትን እንቅስቃሴ በማዘግየት፣ ሞርፊንና ኮዴይን ደግሞ ሕመምን ከማስታገስ ጋር የአንጀትን ግፊት በመቀነስ ድርቀት ያስከትላሉ። አንድ ሕመምተኛ በአንድ ዙር ሕክምና ውስጥ ሁለቱንም ሊያይ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት በማስመለስ መከላከያው ምክንያት ሆዱ ይደርቃል፣ በሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ላይ ደግሞ ያስቀምጠዋል። በመሆኑም «ኬሞ የሚወስድ ሰው ምን ይብላ?» ለሚለው የቤተሰብ ጥያቄ ለሁሉም ቀን የሚሆን አንድ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ተቅማጡ በጠና ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን እንዲቀነስ ወይም ቀጣዩ ዙር እንዲዘገይ ግድ ይሆናል። የዘገየ ወይም የተቋረጠ ዙር የመዳንን ዕድል ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ተቅማጥ ከነጭ የደም ሴሎች ማነስ ጋር በአንድ ጊዜ ከተከሰተ ሕመምተኛውን በካንሰሩ ሳይሆን በሕክምናው ሳቢያ ሊገድለው ይችላል።

ከሐኪሙ ርቆ የሚታይ ችግር

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ወደ 77 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በካንሰር አዲስ የተያዙ ሲሆን ወደ 52 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። በሴቶች ዘንድ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። የካንሰር ሕክምና ወደ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረር ወደመሳሰሉ ከተሞች መስፋፋት ከጀመረ ወዲህ ጫናው በመጠኑ ቢቀልም፣ በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ለሚኖር ሰው መንገዱ አሁንም በአብዛኛው ወደ አዲስ አበባ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከቀወት ወረዳ ቀበሌዎች፣ ከካራቆሬ፣ ከአጣዬ ወይም ከማጀቴ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ከዚህ ይረዝማል። አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ በየሃያ አንድ ቀኑ ሕክምና ታዘዘላት እንበል። መድኃኒቱን በወሰደች ማግስት በደብረ ብርሃን ብርድ አልፋ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግራ፣ ደብረ ሲናን ወርዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ሞቃት ሜዳ ትመለሳለች። ድርቀቱ የሚጀምራት በመንገድ ላይ ወይም በቤቷ ነው። ተቅማጡና የነጭ የደም ሴሎቿ ማነስ የሚደርሱት ደግሞ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የካንሰር ሐኪሟ በሌለበት ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስታምማት ቤተሰብ በእጁ ያለው ዋነኛ መሣሪያ ማዕድ ቤቱ ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ስለ ምግብ የሚሰጡት ምክር ብዙውን ጊዜ «ፍራፍሬና አትክልት አብዢ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ይህ ምክር በአንዱ ሳምንት ትክክል ሆኖ በሌላው ሳምንት ጎጂ ሊሆን ይችላል።

አሰር ምንድን ነው?

አሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የሚባለው፣ ከዕፀዋት የሚገኝና በሰው ልጅ ትንሽ አንጀት ውስጥ የማይፈጭ የምግብ ክፍል ነው። በዋነኛነት ከስታርች በተለየ መንገድ የተያያዘ ካርቦሃይድሬት ሲሆን፣ ሊያፈራርሰው የሚችል ኢንዛይም ሰውነታችን ስለሌለው ሳይለወጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኙ ይመክራል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከመጠኑ ይልቅ ዓይነቱ ይበልጣል። በውሃ የሚሟሟው አሰር ውሃ መጥጦ እንደ ሙጫ ወይም እንደ ልፋጭ ይሆናል። ተልባን ፈጭቶ በውሃ የበጠበጠ፣ አብሽን ዘፍዝፎ የመታ፣ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት ያቀዘቀዘ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል፤ በዕቃው ውስጥ የሚታየው መወፈርና መለጠጥ የሚሟሟው አሰር ሥራ ነው። በአንጀት ውስጥም ይኸው ይደገማል። ሰገራ በቀጠነ ጊዜ ትርፉን ውሃ ይይዛል፣ በደረቀ ጊዜ ደግሞ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ያለሰልሰዋል። አንድ ነገር ለሁለት ተቃራኒ ችግሮች የሚረዳ መሆኑ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ይህ ነው።

የማይሟሟው አሰር በእህል ገለባ፣ በጥራጥሬ ቅርፊት፣ በቅጠላ ቅጠል ሥርና በፍራፍሬ ልጣጭ ውስጥ ይበዛል። ይህኛው ልፋጭ አይሠራም፤ የሰገራን መጠን በማብዛትና የአንጀትን ግድግዳ በመነካካት እንቅስቃሴን ያፋጥናል። ለተራ የሆድ ድርቀት ጥሩ ነው። በመድኃኒት የተላጠና የቆሰለ አንጀትን ግን ይቆረቁራል፤ ተቅማጡንም ያባብሳል።

ሦስተኛም ጉዳይ አለ። በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሟሟውን አሰር በማብላላት አጫጭር የስብ አሲዶች የሚባሉትን አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ያመነጫሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ሽፋን ሴሎች ዋነኛ ቀለብ ሲሆን፣ እነዚህ አሲዶች ወደ ሰውነት ሲመጠጡ ጨውና ውሃም አብሯቸው ስለሚገባ የተቅማጡን ውሃ ለመመለስ ይረዳሉ። አሰር ለሕመምተኛ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ከተመሠረተባቸው ነገሮች ጠንካራው ይህ ነው።

አሰርን በሕክምናው ዓለም ዝነኛ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት ነበር። ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1958 በገለጸውና በሕጻናት መንጋጋ ላይ በሚታየው የሊምፍ ካንሰር ሲሆን፣ ይህ ካንሰር በኬሞቴራፒ ብቻ ሊድኑ እንደሚችሉ ቀድሞ ከታየባቸው ካንሰሮች አንዱ ነው። ያው ሰው በኋላ በ1970ዎቹ የአፍሪካ ገበሬዎች ሰገራ ብዙና ለስላሳ፣ የእንግሊዞች ግን ጥቂትና ደረቅ መሆኑን በማስተያየት ልዩነቱ ከአሰር የመነጨ ነው ሲል ተከራከረ። ዛሬ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጻሕፍት የሚቀዳው «አሰር ጨምሩ» የሚል ምክር የተጻፈው ነጭ ዳቦ ለሚበላ ሕዝብ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። የይፋት ገበሬ ከመታመሙ በፊት አሰር ጎድሎት አያውቅም።

የይፋት ቆላ ገበታ

በሸዋ ሮቢት ዙሪያና በኤፍራታና ግድም ቆላ ዋነኛው እህል ማሽላ ሲሆን ጤፍም በስፋት ይመረታል። ጤፍ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ገለባው ሳይለይ ሙሉው ይፈጫል፤ ስለሆነም የጤፍ እንጀራ ምንጊዜም ከሙሉ እህል የተሠራ ነው። ማሽላም በአብዛኛው እንዲሁ ከነገለባው ይበላል። ማሾ የአካባቢው ገበሬ ለገበያ የሚያመርተው ጥራጥሬ ነው፤ ከ100 ግራም ደረቅ ማሾ ውስጥ 16 ግራም ያህሉ አሰር ነው። ተልባ 27 ግራም ያህል አለው። በመስኖ ከሚለማው መሬት ደግሞ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝና ሎሚ ይገኛሉ። ገብስና አጃ ከደጋው፣ ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ በኩል ይወርዳሉ።

እንዲህ ያለ ገበታ ያለው ቤተሰብ ሰው ሲታመምበት ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ የማሽላውን እንጀራና የማሾውን ወጥ ያነሣና «ለበሽተኛ የሚሻል» ተብሎ የሚታሰበውን ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ የሥጋ መረቅና የታሸገ ጭማቂ ያመጣል። ከ100 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ የሚገኘው አሰር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ሕመምተኛዋ ከፍተኛ አሰር ከለመደ ሕይወት በአንድ ቀን ወደ አሰር አልባ ምግብ ትሸጋገራለች፤ በዚያው ሳምንት ኦንዳንሴትሮን ትወስዳለች፤ ከድካም የተነሣ ከአልጋ አትነሣም፤ በሙቀቱ ምክንያት በላብ ውሃ ታጣለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ ሆዷ ባይሄድ ሊገርም አይገባም። የዚህ ለውጥ አሳዛኝ ገጽታ ወጪውም ጭምር ነው፤ ቤተሰቡ በጎተራው ያለውን የተሻለ ምግብ ትቶ የባሰውን በገንዘብ ይገዛል።

የሆድ ድርቀት በሚኖርበት ሳምንት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሕመምተኛዋ ማስመለሷ ከተገታና ትኩሳት ከሌላት፣ የለመደችውን የጤፍ ወይም ቅይጥ እንጀራ በሽሮ፣ በማሾ ክክ ወይም በምስር መመገቧን እንድትቀጥል ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። አፏ ከቆሰለ በርበሬውን መቀነስ ያስፈልጋል። የበሰለ ፓፓያ ለስላሳ፣ በቀላሉ የሚዋጥና ለአካባቢው ሰው በዋጋ የማይከብድ በመሆኑ ለዚህ ጊዜ ተመራጭ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ በቀን አንድ ጊዜ መጠጣትና ከተስማማ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሁለት ጊዜ ማሳደግ ይቻላል። አሰር በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ይበዛል፣ ቁርጠትም ያመጣል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ መጨመር ግድ ነው። ጥራጥሬን ሌሊቱን ዘፍዝፎ የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት ጋዙን ይቀንሰዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃ። የሚሟሟ አሰር ውሃ ካላገኘ በአንጀት ውስጥ እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ ድርቀቱን ከመፍታት ይልቅ ወደ መዘጋት ሊያደርሰው ይችላል። ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚሞቅበት በሸዋ ሮቢት፣ ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመም የተነሣ ካልተከለከለች በቀር፣ በቀን ከሁለት ሊትር ያላነሰ ፈሳሽ መጠጣት ይኖርባታል። ውሃው የተፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ መሆን አለበት። ፈሳሽ በበቂ መጠን ለማትጠጣ ሕመምተኛ ተልባ አይታዘዝም።

ተልባና አብሽ የሚሠሩት ልፋጭ የሚዋጡ መድኃኒቶችን መመጠጥ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ እንደ ካፔሲታቢን ያሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ካሉ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ማድረግ ተገቢ ነው። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማንም ለሐኪማቸው መናገር አለባቸው።

እዚህ ላይ ስለ ጫት አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በይፋት ቆላ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ጫት ውስጥ ያለው ታኒን አንጀትን የሚያደርቅ ሲሆን፣ ቅጠሉ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሕመምተኛው ክብደቱን እንዳያጣ በሚታገልበት ወቅት ይህ ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው። ሐኪሙ በቁጣ ሳይሆን በግልጽ ሊጠይቀው ይገባል፤ ካልተጠየቀ የሚናገር ሕመምተኛ ጥቂት ነውና።

ሞርፊን የሚወስዱ ሕሙማን ከዚህ ሁሉ በተለየ መንገድ መታየት አለባቸው። የሞርፊን ድርቀት ምንጩ የአንጀት እንቅስቃሴ መዳከም እንጂ የአሰር ማነስ አይደለም። በማይንቀሳቀስ አንጀት ውስጥ ብዙ አሰር መጨመር ጭነቱን ማብዛት ነው። ለእነዚህ ሕሙማን ሞርፊኑ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እንደ ቢሳኮዲል ያለ አንጀትን የሚያነቃቃ መድኃኒት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ማታ ማታ መስጠት ይመረጣል። ቪንክሪስቲን ለሚወስዱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ተቅማጥ በሚኖርበት ሳምንት

ሕመምተኛዋ ከወትሮዋ በላይ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ከተቀመጠች ተቅማጡ ቀላል ይባላል። ከአራት እስከ ስድስት ከጨመረ መካከለኛ፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከባድ ነው፤ ሆስፒታል መግባትን ይጠይቃል። አስታማሚው ቁጥሩን በወረቀት ላይ ቢመዘግብ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ የተሻለ መረጃ ይሆነዋል።

በዚህ ሳምንት የማይሟሟው አሰር ገሸሽ ይደረጋል። የማሽላ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ጥሬ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ ባቄላና ሽምብራ እንዲሁም ጥንቅሽ ለጊዜው ይቀራሉ። ጥንቅሽን የመምጠጥ ልማድ ደግሞ የአፍ ቁስል ላለበት ሰው በራሱ መጥፎ ነው፤ ልጣጩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በዚህ ጊዜ ነጭ ሩዝ ስፍራ አለው፤ ሆኖም ብቻውን ሳይሆን የሚሟሟ አሰር ካላቸው ምግቦች ጋር ቢሆን ይመረጣል። የበሰለ ሙዝ ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ፔክቲን የተባለውን የሚሟሟ አሰር ከመያዙም በላይ በተቅማጥ የሚጠፋውን ፖታሲየም ይተካል። በደንብ ከተነፋ ዱቄት የተሠራ ቀጭን የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት፣ የተላጠና በደንብ የበሰለ ካሮትና ድንች፣ የተከካ ምስር በትንሽ በትንሹ መስጠት ይቻላል። ፍሎሮዩራሲል የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም ለጊዜው ሊቀንሰው ስለሚችል ወተት ተቅማጡን የሚያባብስባቸው ሕሙማን አሉ፤ ለአንድ ሳምንት ትቶ ማየት ይበቃል። ቡና፣ አልኮልና ቅባት የበዛበት ምግብም ይቀነሳሉ።

የጠፋውን ፈሳሽ የሚተካው ግን አሰር አይደለም። አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጦ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ቀዳሚው ሕክምና ነው። ትኩሳትና ደም ከሌለ ሐኪሙ ሎፐራማይድ በቅድሚያ 4 ሚሊግራም፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ 2 ሚሊግራም ሊያዝ ይችላል፤ በቀን ከ16 ሚሊግራም መብለጥ አይገባውም። ከአይሪኖቴካን በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ ከዚህ የተለየ አሰጣጥ ስላለው ሕመምተኛው ከማዕከሉ ሳይወጣ መመሪያውን ተቀብሎ መሄድ አለበት።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

አሰርን በተመለከተ ከሚነገረው ተስፋ ሁሉ በማስረጃ የተደገፈው ከፊሉ ብቻ መሆኑን አንባቢ ሊረዳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና በፊንላንድ የተካሄደ ጥናት በፍሎሮዩራሲል የሚታከሙ 150 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማንን ተከታትሏል። ጓር ሙጫ የተባለ የሚሟሟ አሰር በቀን 11 ግራም የወሰዱት ሕሙማን ካልወሰዱት የተለየ ጥቅም አላገኙም። በአንጻሩ በዚያው ጥናት ላክቶባሲለስ የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ከወሰዱት መካከል ከባድ ተቅማጥ የያዛቸው 22 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 37 በመቶ ነበሩ። የጓር ሙጫና የአብሽ ልፋጭ በኬሚካላዊ አሠራራቸው የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ስለዚህ አብሽ በኬሞቴራፒ የሚመጣን ከባድ ተቅማጥ ያስቆማል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ማስረጃ የለውም።

የተሻለ ውጤት የታየው በጨረር ሕክምና ነው። በለንደን ሮያል ማርስደን ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በዳሌ አካባቢ ጨረር የሚወስዱ 166 ሕሙማንን ዝቅተኛ፣ የተለመደና ከፍተኛ አሰር በሚመገቡ ቡድኖች በዕጣ መድቦ ነበር። ከፍተኛ አሰር የተመገቡት፣ የተለመደውን ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የአንጀት ጤንነታቸው የቀነሰው ባነሰ መጠን ሲሆን ልዩነቱ ከአንድ ዓመት በኋላም ታይቷል። ጨረር የሚወስድ ሰው አሰር ይቀንስ የሚለው የቆየ ምክር ጥቅም እንዳለው አልታየም። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ብዙ ጊዜ በጨረርና በሲስፕላቲን በአንድነት የሚታከም በመሆኑ ይህ ጥናት ለእኛ ሕሙማን ቅርብ ነው፤ ሆኖም የለንደንን ውጤት እንዳለ ወደ ሸዋ ሮቢት ማምጣት አይቻልም። የለንደኑ ሕመምተኛ ከፍተኛ ያለው መጠን ለይፋቱ ገበሬ የዕለት ምግቡ ሊሆን ይችላል።

የላክቶባሲለስ ውጤት ደግሞ አንዳንዶችን «እንግዲያው እርጎ ይጠጣ» ወደሚል ድምዳሜ ያደርሳቸዋል። በጥናቱ የተሰጠው ዓይነቱና መጠኑ የታወቀ ባክቴሪያ ነው። በቅል የተናጠ፣ ካልተፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ ግን ከጠቃሚዎቹ ጋር ብሩሴላንና ሌሎች በሽታ አምጪዎችን ሊይዝ ይችላል፤ ነጭ የደም ሴሎቹ ባነሱበት ሳምንት ለሕመምተኛ መስጠት አደገኛ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ያልታጠበ ፍራፍሬና ያልበሰለ የማሾ ብቅል እንዲሁ መቅረት አለባቸው።

አሰር የማይሰጥበት ጊዜ

ካንሰሩ አንጀትን ያጠበበ ወይም በሆድ ዕቃ ውስጥ የተሰራጨ ከሆነ፣ በተለይም በትልቁ አንጀትና በእንቁላል ዕጢ ካንሰር፣ ብዙ አሰር መስጠት የአንጀት መዘጋትን ሊያስከትል ይችላል። ሆድ ተነፍቶ ጋዝ እንኳ ካልወጣ፣ ማስመለስና የሚመላለስ ቁርጠት ካለ፣ ተልባውም አብሹም ወዲያውኑ ቆሞ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በቅርቡ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎችም የቀዶ ሐኪማቸውን ፈቃድ ይጠብቃሉ። ድርቀት ጸንቶባቸው ኮሶ የሚጠጡ ሕሙማን እንዳይኖሩ በግልጽ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ የደከመ ሰውነት የኮሶን ማስቀመጥ አይችልም። ነጭ የደም ሴሎች ባነሱበት ወቅት በፊንጢጣ የሚሰጥ ማናቸውም ነገር፣ የሳሙና ውሃም ቢሆን፣ የአንጀትን ሽፋን አቁስሎ ባክቴሪያ ወደ ደም ሊያስገባ ስለሚችል የተከለከለ ነው።

ጾምን በተመለከተ በይፋት ጎን ለጎን የሚኖሩት የሁለቱ ሃይማኖቶች ተከታዮች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉ በራሱ የአሰርን መጠን አይቀንስም፤ የጾም ምግብ በጥራጥሬ የበለጸገ ነው። ችግሩ ያለው ከምግብና ከውሃ ሙሉ በሙሉ በሚታቀቡባቸው ሰዓታት ነው። በቆላው ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ሕመምተኛ ማታ ላይ በአንድ ጊዜ የሚወስደው አሰር አይጠቅመውም፤ ተቅማጥ ካለበትም ኩላሊቱ ይጎዳል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ ያላቸው በመሆኑ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ከነፍስ አባቱ ወይም ከሼሁ ጋር እንዲመክር ቢያበረታታው ከክርክር የተሻለ ፍሬ ያስገኛል።

ትኩሳትና ወባ

የይፋት ቆላ የወባ አገር ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው «ወባዬ ተነሣችብኝ» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ መተኛቱ የተለመደ ነው። ኬሞቴራፒ ከወሰደ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ላለ ሰው ይህ ልማድ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የሰውነት ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተቅማጥ ኖረም አልኖረም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የወባ ምርመራው ይደረግ፤ ነገር ግን የወባ ተሐዋሲ መገኘት የነጭ የደም ሴል ማነስን አያስቀርም፣ ውጤቱ እስኪመጣም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር መጀመር አይዘገይም። ተቅማጥ ላለበት የሰገራ ምርመራ ማድረግም ተገቢ ነው፤ በዚህ አካባቢ አሜባና ጃርዲያ ከኬሞቴራፒው ተቅማጥ ጋር ሊደራረቡ ይችላሉ። ስትሮንጊሎይደስ የተባለው የአንጀት ትል ደግሞ ከኬሞቴራፒው ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን በሚያስከትለው የመከላከል አቅም መዳከም ሳቢያ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ስለሚችል፣ የሰገራ ምርመራው ከመጀመሪያው ዙር በፊት ቢደረግ ይመረጣል።

በጤና ጣቢያው ተረኛ የሆነው ባለሙያ ሕመምተኛዋን ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም። ስለሆነም ከአዲስ አበባ ስትመለስ የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ስም፣ የወሰደችበት ቀን፣ የዙሩ ቁጥርና የመጨረሻው የነጭ የደም ሴል ቆጠራ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ እንድትሄድ ማድረግ፣ እንዲሁም የማዕከሉን የስልክ ቁጥር በዚያው ወረቀት ላይ ማስፈር የአካሚው ሐኪም ኃላፊነት ነው። ወረቀቱ በአማርኛም ቢጻፍ አስታማሚው የቀኖቹን ቆጠራ ራሱ ሊከታተል ይችላል፤ ተልባው በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ንፍሮው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቀር በጎኑ ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃል።